ጎመኔን የበላው ኤሊ

ኤሊውን ያገኘሁት ጎመን ልቆርጥ ወደ ጓሮ በወጣሁበት ጠዋት ነው። መጀመሪያ ድንጋይ መሰለኝ። ማን ድንጋይ ወረወረብኝ እያልኩ፣ ከላይኛው ጎረቤቴ ጋር የምጣላውን ጥል በልቤ እያዘጋጀሁ ተጠጋሁ። ድንጋዩ ጎመኔን ያኝካል።

ቡታጅራ ተወልጄ ቡታጅራ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ኤሊ ግን በቅርብ አይቼ አላውቅም። ወደ ዝዋይ በኩል፣ ቆላው ውስጥ እንዳለ እሰማ ነበር። እዚህ ከእንሰትና ከጎመን መሐል ምን እንዳመጣው አልገባኝም። በእንጨት ነካ ሳደርገው እፍ ብሎ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። ትልቅነቱ የመካከለኛ ድስት ያህል ነው፤ ቅርፊቱ ላይ ቢጫና ጥቁር ተረጭቶበታል፤ ግማሹን ጭቃ ሸፍኖታል።

ግቢዬ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱን የተከራየችው የባዮሎጂ መምህርት ናት። ከሰሜን በኩል ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ብዙ የማትናገር ልጅ። እሷን ጠራኋትና እስክትወጣ ድረስ ትልቁን ሳፋ ውሃ ሞልቼ ኤሊውን ከተትኩት። ኤሊና ዓሣ ዘመድ ናቸው ብዬ ነው። የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንዳደረገች ሮጣ መጥታ በሁለት እጇ አወጣችው።

“እማማ፣ ሊሰምጥብዎት ነው እኮ። ይሄ የየብስ ነው” አለችኝ።

እግሩን አሳየችኝ። የውሃው ዓይነት በጣቶቹ መሐል እንደ ዳክዬ ስስ ቆዳ አለው፤ የዚህኛው ግን ልክ የዝሆን እግር ነው፣ ድፍን። ቀስ ብላ አዘንብላ ሆዱን አየች። ሆዱ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያለ፣ ጭራውም ረዘም ያለ ስለሆነ ወንድ ነው አለች። ዕድሜውን ስጠይቃት፣ ሰዎች ቅርፊቱ ላይ ያለውን መስመር ይቆጥራሉ፣ ግን እሱ አይታመንም፣ አላውቅም አለች። አላውቅም የሚል አስተማሪ ደስ ይለኛል። እኔን እስከ አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሁሉን የሚያውቁ ነበሩ።

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረችኝ። የዱር ከሆነ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ ባለቤት ካለው ደግሞ ለባለቤቱ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የጠፋበት ሰው እንዳለ መጠየቅ ነው። እሱ ቀላል ነው አልኳት። እኛ ጋ የተገኘ ነገር ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ ይነገራል፤ በግም ሆነ ቁልፍ። በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። አንድ ጊዜ የታችኛዋ ጎረቤቴ የባዘነች ዶሮ ሦስት ቀን ዝም ብላ አስቀምጣ ተገኘች፤ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ አስመልሻታለሁ። ሰፈሩ የተጣላ እንደሆነ እኔ ጋ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ለወገኔም ቢሆን አላዳላም። “አርብ ይነገራል” አልኳት። እሷም ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች።

ብቻዬን ስቀር ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። ከኋላው፣ ከጭራው በላይ፣ የቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ውስጥ የዛገ ሽቦ እንደ ቀለበት ገብቷል። ሽቦው አምስት ጊዜ ወደ ግራ ተጠምዝዟል፤ ጫፉም እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ ተቀብሯል።

ጨርቁን አስቀምጬ ጥምዝዙን ደግሜ ቆጠርኩ፤ አምስት።

ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ገበያው ዳር ተቀምጦ ምድጃ፣ ባልዲና ወንፊት የሚጠግን ሰው ነበር። ቀኝ እጁ እያለ ሁሉን ነገር በግራው ነው የሚሠራው። ሽቦ ሲያስር አምስት ጊዜ ወደ ግራ ያዞርና ጫፉን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል፤ የልጆች እጅ ይቧጭራል ብሎ። ቤቴ ውስጥ ያለው ወንፊት፣ የባልዲው ማንጠልጠያ፣ የበሩ ማጠፊያ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የታሰረው። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እጁን ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያስር አላየሁም።

ይህን ኤሊ ባሌ ያውቀዋል ማለት ነው። እኔ ግን አላውቀውም። በዚህች ከተማ ባሌ የሚያውቀው፣ እኔ የማላውቀው አንድ ቤት ብቻ ነው።

ጣውንት ነበረችብኝ። አሁንም አለች፤ ከአስፋልቱ ማዶ። ባሌ ሁለተኛ ሊያገባ ሲነሳ አላለቀስኩም፣ ወደ ወላጆቼም አልሄድኩም። ሽማግሌዎቹን ቤቴ አስቀምጬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። ሃይማኖታችን ሁለት የሚያገባ እኩል ያድርግ ይላል፤ እኩል አድርግ። በሽማግሌዎቹ ፊት ማለ። ከዚያ በኋላ ሃያ ስንት ዓመት ሙሉ እኔ እንደ ገበያ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። እሷ ሻሽ ካገኘች እኔም ያንኑ ሻሽ፣ ከነቀለሙ። ለእኔ ስኳር ከመጣ ለእሷም እንዲሄድ አደርግ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም፣ እሷንም ቢሆን አልበደልኩም። የሌሊቱንም ተራ እንዲሁ። ባሌ አንዳንዴ፣ አንቺን ያገባሁ ዕለት ሚዛን አብሬ አገባሁ ይለኝ ነበር።

እና አሁን ኤሊ። ለእሷ ኤሊ አምጥቶ፣ በገዛ እጁ ቀዳዳ በስቶ ሽቦ አስሮለት፣ ለእኔ ቃል አልተነፈሰም። ቅናት ከሱ ጋር አብሮ የተቀበረ መስሎኝ ነበር። ወላሂ፣ እዚያው ጓሮ ቁጭ ብዬ፣ የልጅ ልጆች ያሉኝ አሮጊት፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ቀናሁ።

አርብ መጣ። መስጊድ ሰው አልላክሁም። መምህርቷ ከሥራ ተመልሳ፣ ተነገረ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተነግሯል፣ የኔ ነው ያለ የለም አልኳት። ይህን የተናገርኩት በር ላይ ቆሜ ነው፤ አፌ ሲከፈት ራሴን ሰማሁት። በዶሮ ሰው ያሳፈርኩ ሴት ነኝ። ግን ለጣውንቴ ከምመልስላት ኤሊው ከኔ ጋር ያርጅ አልኩ። ደግሞ በልቤ ተሟገትኩ፤ ባሌ እኩል ያላደረገውን እኔ እኩል አደረግኩ እንጂ አልሰረቅኩም አልኩ። ሰው ለራሱ ሲፈርድ ምን ዓይነት ዳኛ እንደሚሆን አላህ ይወቀው።

ጣውንቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ እኔ ጋ ትደርሳለች። ባላችን ከሞተ በኋላ የጀመርነው ነው። ብዙ አናወራም፤ ሻይ ትጠጣለች፣ እግሯን ታሳርፋለች፣ ትሄዳለች። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ኤሊውን መደበቅ ነበረብኝ። ቆጮ የምቀብርበት ጉድጓድ ያን ሰሞን ባዶ ነበር። የእንሰት ቅጠል አነጠፍኩለት፣ ጎመን ጣልኩለት፣ በላዩ ሳንቃ አጋደምኩበት። ቆጮን ዓመት የሚያቆይ ጉድጓድ ኤሊን ሁለት ቀን ማቆየት ያቅተዋል ብዬ አላሰብኩም።

መጣች። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ሻይ ቀዳሁላት። እንደ ልማዷ ጓሮውን በሚያሳየው በር በኩል ተቀመጠች። ወደ ጎመኑ ታያለች።

“እትዬ፣ ጎመንሽን ምን በላብሽ?” አለች።

“ፍየል” አልኳት።

ሻይዋን ፉት አለች። “ፍየል ከላይ ነው የሚበላ” አለች። “ይሄ ከሥር ከሥር ነው የተበላው።”

“ፍየሉ አጭር ነው።”

ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ አላህ ይስጥልኝ ብላ ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። ከኋላዋ እያየሁ፣ አወቀች ወይስ አላወቀችም ስል ዋልኩ። ቢያንስ ብትጠይቀኝ እጮህባት ነበር፤ ለጩኸት ተዘጋጅቼ ነበር። አለመጠየቋ ይበልጥ አናደደኝ።

እሑድን እዚያው አዋልኩት፤ ተመልሳ ብትመጣስ ብዬ። ሰኞ ጠዋት ሳንቃውን ሳነሳ ኤሊው የጣልኩለትን ጎመን አልነካውም። ዓይኑ ተጣብቋል፤ በአፍንጫው አረፋ ይወጣል። እግሩን ስነካው እንኳ ወደ ውስጥ አልሰበሰበውም። መምህርቷን ከመጥራት ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ። ጉድጓዱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ለምን እዚያ እንዳስገባሁት አልጠየቀችም። ይህ እንስሳ የራሱ ሙቀት የለውም፣ ሙቀቱን ከፀሐይ ነው የሚያገኘው፤ እርጥበትና ብርድ ሳንባውን ይይዘዋል፤ እዚህ አንድ ቀን ቢጨምር ይሞታል አለችኝ። “ይዞት የኖረ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር” አለች፤ “ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ ያውቅ ነበር።”

ያኔ ነገርኳት። መስጊድ አልተነገረም፣ ዋሽቼሻለሁ አልኳት።

“አውቃለሁ እማማ” አለችኝ። “የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ክፍሌ ድረስ ይሰማል።”

ሦስት ቀን ሙሉ ውሸቴን እያወቀች ጠዋት ማታ እንዴት አደሩ ስትለኝ ኖራለች። ከዚያ በላይ አልቆምኩም። ኤሊውን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ አስገባሁትና ባጃጅ ጠራሁ። የባጃጁ ሾፌር ዘንቢሉን አይቶ፣ እማማ ዶሮ ነው እንዴ አለኝ። ዝም ብለህ ንዳ አልኩት። መንገዱን ሁሉ ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ባይሞት ብዬ እለምናለሁ፤ ደግሞ እሷ ጋ ደርሼ የምላትን ክፉ ቃል እመርጣለሁ። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ይገባሉ፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ጣውንቴ ደጇ ላይ በርበሬ ፀሐይ ላይ እያሰጣች ነበር። ዘንቢሉን አየች፣ እኔን አየች።

“ፍየሉን አመጣሽው?” አለች።

ጨርቁን ገልጬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ቀልዷ ፊቷ ላይ ደረቀ። አነሳችው፣ ከሆዱ ሥር እጇን አድርጋ፣ ልክ ሕፃን እንደሚታቀፍ፤ ፀሐይ ወዳሞቀው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወስዳ አስቀመጠችው። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በጨርቅ ነክራ ዓይኑን ጠረገችለት። እኔን የረሳችኝ መሰለኝ። በርበሬው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል አንድ እግሩን አወጣ፣ ቆይቶ ሌላውን። የዱባ ቅጠል አምጥታ አፉ አጠገብ ያዘችለት፤ በጆሮዬ የማልሰማውን ነገር በሹክሹክታ አለችው። አንገቱን ወደ ድምፅዋ ዘረጋ። እኔ ሳምንት ሙሉ ጎመኔን አብልቼው፣ እኔን ሲያይ ጭንቅላቱን ከመደበቅ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

ከመብላቱ በፊት መናገር አልቻልኩም። አንዴ ቅጠሉን ሲነክስ ግን ያጠራቀምኩት መጣ።

“መቼ ነው ያመጣልሽ?” አልኳት።

“ማን?”

“ሁለት ባል አለን እንዴ?”

ተቀመጠች። ነገረችኝ። ከዝዋይ ዓሣ የሚያመጣ ሾፌር ነበር፤ ባላችን ምድጃውን ጠገነለት፤ ሾፌሩ በአጸፋው ኤሊውን ሰጠው። ያኔ የእጅ መዳፍ አይሞላም ነበር። በየጊዜው ከግቢ እያመለጠ ሲያስቸግራቸው ቀዳዳውን በሳለትና በገመድ ከግራሩ ሥር ይታሰር ጀመር። ባለፈው ክረምት የጓሮው አጥር በዝናብ ሲፈርስ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። መንደሩን ሁሉ ፈለገችው፤ መኪና ጨፈለቀው ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ ጎመኔን እስክታይ ድረስ።

ታዲያ ቅዳሜ ለምን አልጠየቅሽኝም አልኳት።

“የማን እንደሆነ ካላወቅሽ፣ ምን ብዬ ላስረዳሽ። ካወቅሽም ራስሽ ታመጪዋለሽ ብዬ ነው። አንቺ እንደሆንሽ የሰው ነገር ይዘሽ አታድሪም።”

አድሬ ነበር። ከአርብ ወዲህ እንኳ ሦስት ሌሊት አድሬ ነበር። ይህን አልነገርኳትም፤ የመጣሁበትን ጥያቄ ግን አልተውኩም።

“ሻሽ ሲገዛ ሁለት፣ ስኳር ሲገዛ ሁለት” አልኳት። “ኤሊው ለምን አንድ ሆነ? በሽማግሌ ፊት የማለ ሰው ነው።”

ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። “ፈርቶሽ ነው” አለች። “‘እዚያ ቤት ባመጣው፣ ጎመኗን የነካ ዕለት እኔንም እሱንም ታባርረናለች’ ይል ነበር።”

እውነቱን ነው። አባርራቸው ነበር። ግን እዚህ ተቀምጠው ስለኔ ያወሩ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ልጆች አጥቤ፣ ቆጮ ፍቄ፣ ደክሞኝ ስተኛ፣ ከአስፋልቱ ማዶ እኔ ጨዋታ ነበርኩ። እኔ ቤት የሚመጣው ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የደከመ፣ የበሩን ማጠፊያ ጠግኖ፣ በልቶ፣ ሰግዶ የሚተኛ ሰው ነው። ሽቦ ሲያስር አይቼዋለሁ፤ ሲጫወት አላየሁም። ልጠይቅ ያልፈለግኩትን ጠየቅኩ።

“ይስቅ ነበር? ኤሊውን ሲያይ?”

ልትዋሽልኝ ትችል ነበር። እኔ እሷን ብሆን እዋሽ ነበር።

“ይስቅ ነበር” አለች። “ጉልበቱን ይዞ ይስቅ ነበር።”

አንገቴን ደፋሁ። በርበሬው ዓይኔን አቃጠለኝ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። እሷ ደግሞ እኔን ሳታይ፣ ኤሊውን እያየች፣

“ባንቺ ቤት ልጆቹ ነበሩ፣ እትዬ” አለች። “እዚህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ምን እናድርግ፣ ኤሊ እናይ ነበር።”

ስምንት ወልጄ ስድስት አሳድጌያለሁ። እሷ አልወለደችም። በሽማግሌዎቹ ፊት እኩል ያድርግ ብዬ ሳስምለው፣ ከዚያ በኋላም ሻሹንና ስኳሩን ስመዝን፣ ይህን አንድ ቀን ሚዛኑ ላይ አስቀምጬው አላውቅም። እሷም አንድ ቀን ጎድሎብኛል ብላ ለሽማግሌ አልከሰሰችም። በርበሬውን በእጄ እያገላበጥኩ ቆየሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሰው ቅናቱ ይለቀዋል ይላሉ። እኔን አልለቀቀኝም። ፍርዱ ገብቶኛል፤ ፍርድ አይከብደኝም። ኤሊው የሷ ነው፤ የሷ መሆኑም ልክ ነው። ግን ጉልበቱን ይዞ ሲስቅ ያየች ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አላየሁትም። ይህን ማንም ሽማግሌ አያስተካክለውም።

ልሄድ ስነሳ፣ ከፈለግሽ ውሰጂው፣ ባንቺም ጓሮ ይደርሳል አለችኝ። ከልቧ ነው። አልወስድም አልኳት። “ነገር ግን ድርሻዬን እፈልጋለሁ” አልኳት።

“የምን ድርሻ?”

“ይል የነበረውን ትነግሪኛለሽ። እዚህ ተቀምጦ ያለውን፣ የሳቀውን። ስለኔ ያለውንም።”

“ስላንቺ ያለውንም?”

“እሱን አስቀድሚ።”

አሁን እኔ ነኝ ወደሷ የምሄደው። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የተበላውን ጎመን ቅጠል ቅጠሉን ለኤሊው ይዤ። መምህርቷም አንዴ አብራኝ ሄዳ ሳንባው ድኗል ብላ መሰከረች፤ ሽቦው አጥር ላይ እንዳይያዝበት አስጠነቀቀች። ጣውንቴ በየጊዜው አንድ አንድ ትነግረኛለች። አንድ ቀን ባላችን ከኤሊው ጋር ልወዳደር ብሎ በአራት እግሩ ሄዶ፣ ጎረቤት ሲገባ ዕቃ የወደቀበት መስሎ መሬቱን ሲዳብስ እንደነበር ነገረችኝ። አንዳንዱን የምትፈጥረው ይመስለኛል። አስመሳይ ብዬ አላቋረጥኳትም። እቤቴ ስመለስ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ከሳቅኩ በኋላ ደግሞ እናደዳለሁ።

አንድ ነገር ግን አልሰጥ ብላኛለች። ባላችን ለኤሊው ስም አውጥቶለት ነበር። የማላውቀውን ስም በሹክሹክታ ስትጠራው ነው አንገቱን የሚዘረጋው። ምን ብሎ ነው የጠራው ብዬ ጠየቅኳት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሜ ጠየቅኳት፣ ከዚያም ሌላ ማክሰኞ። ሦስተኛው ላይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣

“ይሄ የኔ ነው” አለችኝ።

እንዲህ ባለ ፊት ተናግራኝ አታውቅም፤ ሃያ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜም። ሊያስቆጣኝ ይገባ ነበር፤ አስቆጥቶኛልም። ግን አልተሟገትኳትም፤ ዘንቢሌን አነሳሁ።

ያን ዕለት ቻው ብያት በሩን ዘግቼ ወጣሁ። አጥሩ ሥር አንድ እርምጃ ቆም ብል ስሙን እሰማው ነበር፤ እስክሄድላት እየጠበቀች እንደሆነ አውቃለሁ። ጆሮዬም ገና ደህና ነው። ጫማዬን ኮረቱ ላይ ጠበቅ አድርጌ እየረገጥኩ ሄድኩ፤ መራቄን እንድትሰማ።